ሮኬቷ መሬት ስትነካ ሬዲዮው ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሱሉልታ ሜዳ ላይ እስከ 800 ሜትር የምትወጣ ሮኬት የምናስወነጭፍ የተማሪዎች ክበብ ነን። አፍንጫዋ ውስጥ ራ-02 የሚባለውን የሎራ ሞጁል (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ ሬዲዮ)፣ ኒዮ-6ኤም ጂፒኤስና ሁሉንም የሚያዝዘውን ትንሽ ኮምፒውተር፣ የ3.3 ቮልት አርዱይኖ ፕሮ ሚኒ፣ አድርገናል። ኃይሉ 17 ዲቢኤም (የሬዲዮ ኃይል መለኪያ)፣ ኤስኤፍ (መልእክቱ በጊዜ ምን ያህል ተዘርግቶ እንደሚላክ የሚወስነው ቁጥር) 7፣ አንቴናው ከሞጁሉ ጋር የመጣው ትንሽ ስፕሪንግ ነው። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ስንሞክረው 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለችግር ተቀበልን። እሁድ ጠዋት ግን በፓራሹት እየወረደች ጥሩ ስትናገር ቆይታ ልታርፍ ስትል ዝም አለች፤ እስካሁን አላገኘናትም። ኃይል እንጨምር? ወይስ መኪና ላይ የሚገጠመውን ባለሲም ጂፒኤስ እናድርግ? የጠፋችዋስ አሁንም ትገኝ ይሆን?»

ማሰራጫችሁ ጤነኛ ነው። ያሳሳታችሁ የመስኮቱ ሙከራ ነው።

ሮኬቷ አየር ላይ ሳለች በእሷና በእናንተ መካከል ምንም የለም። በ434 ሜጋኸርዝ በክፍት አየር 1 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሲግናሉ የሚያጣው ወደ 85 ዲሲቤል (የሲግናል መድከምና መበርታት የሚለካበት) ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኪሳራው የሚጨምረው በ6 ዲሲቤል ብቻ ነው። ሳር ላይ ስትጋደም ሕጉ ይለወጣል። በቀጥታ የሚመጣው ሞገድና ከመሬት ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ እኩል በሚባል መንገድ ተጉዘው ተቃራኒ ሆነው ይደርሳሉ፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ያን ጊዜ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የምታጡት 12 ዲሲቤል ይሆናል፤ የሁለቱ አንቴናዎች ከመሬት ከፍታም ወሳኝ ይሆናል። ለግምት የሚበቃው ቀመር ይህ ነው፦ 40 ጊዜ የርቀቱ ሎግ (በሜትር)፣ ከዚያ ላይ 20 ጊዜ የሁለቱ ከፍታዎች ብዜት ሎግ ይቀነሳል።

የራሳችሁን ቁጥሮች እናስገባ። መስኮቱ 12 ሜትር ከፍታ፣ በእጅ የተያዘው መቀበያ 1.5 ሜትር፣ ርቀቱ 2,000 ሜትር፦ ኪሳራው ወደ 107 ዲሲቤል። 17 ዲቢኤም ልካችሁ ለስፕሪንጓ አንቴና 5 ብትቀንሱ እንኳ መቀበያው ጋ የሚደርሰው −95 ዲቢኤም ነው። ኤስኤፍ 7 እስከ −123 ድረስ ስለሚሰማ 28 ዲሲቤል ትርፍ ነበራችሁ፤ «ያለችግር» ያላችሁት ለዚህ ነው። አሁን ሮኬቷን ሳር ላይ አስተኟት፦ ከፍታዋ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርቀቱ ግማሽ ማለትም 1,000 ሜትር። ኪሳራው ወደ 136 ይወጣል። የሚደርሰው −124 ነው፤ ያውም የሳሩን፣ የአንቴናውን መጋደምና በመሃል የቆመውን ሰው ሳንቆጥር። የመስሚያው ወለል ደግሞ −123 ነው፤ ከዚያ በታች የደከመ ሲግናል አይሰማም። ዝምታው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ «ኃይል እንጨምር?» ለሚለው መልሱ፦ በጣም ትንሽ ይጠቅማል። ሞጁሉን ከ17 ወደ ከፍተኛው ብትወስዱት የምታገኙት አንድ ወይም ሁለት ዲሲቤል ነው። ውጫዊ ማጉያ ጨምራችሁ ኃይሉን በእጥፍ ብታሳድጉትም 3 ዲሲቤል ነው፤ ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ከዚህ በታች የምናነሳውን የአልቲሜትር (ከፍታ እየለካ ፓራሹቱን የሚያስወጣው መሣሪያ) ችግርም ያባብሳል። ዲሲቤል በርካሽ የሚሸመትባቸው ቦታዎች ሌሎች ናቸው።

የመጀመሪያው በነጻ ነው፦ ኤስኤፍን ከ7 ወደ 10 ቀይሩት። የመስሚያ ወለሉ ከ−123 ወደ −132 ይወርዳል፤ 9 ዲሲቤል አተረፋችሁ። ዋጋው ጊዜ ነው፤ 20 ባይት ያለው መልእክት በኤስኤፍ 10 እና በ125 ኪሎኸርዝ ስፋት ወደ 370 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በየ2 ሰከንዱ አንድ መላክ ይበቃችኋል። «እንግዲያው ኤስኤፍ 12 ላይ ለምን አናደርሰውም?» ትሉ ይሆናል። ያው መልእክት 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ሮኬቷ በዚያ መሃል 7 ሜትር ትወርዳለች፣ አንድ መልእክት ቢበላሽ የሚቀጥለው ከመምጣቱ በፊት ልታርፍ ትችላለች። ስፋቱን ከ62.5 ኪሎኸርዝ በታች ማጥበብም አይሞከር፤ የራ-02 ክሪስታል ሙቀትና ብርድ ስለሚያንሸራትተው ማሰራጫውና መቀበያው ይተላለፋሉ። የሱሉልታ ማለዳ ብርድ ደግሞ ከቤታችሁ ሙቀት ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው የመቀበያው ከፍታ ነው። አንቴናውን ከ1.5 ሜትር ወደ 4 ሜትር ማውጣት 8.5 ዲሲቤል ይሰጣል። ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ አስሮ ማቆም ነው፤ ሱሉልታ ላይ አጣና አይጠፋም። ሲግናል ሲጠፋባችሁ በደመ ነፍስ ወደ ፊት ከመሮጥ ይልቅ ቅርብ ያለ ጉብታ ላይ ውጡ። መቀበያው ከፍታው በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዲሲቤል ታገኛላችሁ፤ ይህን ያህል የሚያተርፍ ሌላ ነገር ሜዳ ላይ የለም።

ሦስተኛው አንቴና ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ስፕሪንጓን አውጡና ጣሏት። በቦታዋ ቀጥ ያለ ሽቦ ይግባ። የ434 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሩቡ 17.3 ነው፣ በተግባር 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይስማማል። አንዱ 16.5 ሽቦ ወደ አፍንጫው ጫፍ፣ ሌላው 16.5 ሽቦ ከግራውንድ ተነስቶ ወደ ታች ይሂድ። ሁለተኛውን ሽቦ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ያኔ የባትሪው ገመድና የጂፒኤሱ ሰሌዳ ሳይፈልጉ የአንቴናው ግማሽ ይሆናሉ፣ ውጤቱም ገመዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል። ሽቦውን ቦታ ጠበበ ብሎ መጠቅለል፣ ወይም አፍንጫውንና ክፍሉን ከሚያያይዘው የብረት ዘንግ ጎን ለጎን ማስኬድ ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ካርቶን፣ ፒቪሲ፣ ፋይበርግላስ ሬዲዮ ያሳልፋሉ፤ ካርቦን ፋይበር፣ የአሉሚኒየም ቴፕ፣ የብር ቀለም የመሰለ ብረት ያለበት ቀለም አያሳልፉም። አፍንጫውን አሳምራችሁ በብርማ ቀለም ቀብታችሁት ከሆነ እሱንም ጠርጥሩ። ሌላም አለ፦ ሞጁሉን አንቴና ሳይሰካ ማብራት የኃይል ማውጫውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ መስሎ ሜዳ ላይ 50 ሜትር የማይደርስ ሞጁል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ለመቀበያው ያጊ ሥሩ። ድሮ በየጣሪያው የነበረው የቴሌቪዥን አንቴና ወንድም ነው፣ በጣም ያነሰ። 20 ሚሊ ሜትር የኤሌክትሪክ ፒቪሲ ቱቦ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ለቤት መስመር የሚዘረጋው ድፍን 2.5 የመዳብ ሽቦ አንድ ሜትር ተኩል፣ ልባሱ ተልጦ። ከኋላ ያለው ዘንግ 34.5 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው ሁለት ቦታ የተከፈለ እያንዳንዱ 16 ሆኖ በመሃል 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት፣ የፊተኛው 31። ከኋላው እስከ መካከለኛው 13፣ ከመካከለኛው እስከ ፊተኛው 12 ሴንቲ ሜትር። ይህ መነሻ ልኬት ነው፤ ናኖቪኤንኤ (የአንቴና መለኪያ መሣሪያ) የሚያውሳችሁ ካለ የመካከለኛውን ጫፍ በሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር እየቆረጣችሁ አስተካክሉ። ከሌለም ብዙ አትጨነቁ፤ ለመቀበል ብቻ ስለሆነ ትንሽ አለመጣጣም ግማሽ ዲሲቤል ነው የሚያሳጣው። ከመካከለኛው ዘንግ ሁለት ግማሾች ተነስቶ እስከ መቀበያው ለሚሄደው መስመር የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ከ50 ኦም ጋር ያለው አለመጣጣም ከ0.2 ዲሲቤል አይበልጥም። አስቸጋሪው ነገር የብዙ ዲሽ ገመዶች የውጭ ጥልፍ አሉሚኒየም መሆኑ ነው፤ ሶልደር አይይዝም፣ የያዘ መስሎ ይላቀቃል። በብሎንና በቀለበት እሰሩት፣ ከዚያ በናስትሮ ጠቅልሉት። እንዲህ ያለው ያጊ 6 ዲሲቤል ያህል ያስገኛል።

ድምሩ፦ 9 ከኤስኤፍ፣ 8.5 ከአጣናው፣ 6 ከያጊው፣ 4 ያህል ከቀጥታው ሽቦ፤ 27 ዲሲቤል ገደማ። በመስኮቱና በሳሩ መካከል የነበረው ልዩነት 29 ነበር። አንድ ብር የኃይል ማጉያ ሳትገዙ ማለት ነው።

ሙከራውንም ቀይሩ። ሮኬቷን ተገጣጥማ፣ ባትሪዋና ፓራሹቷ ውስጥ ሆነው፣ ሳር ላይ አስተኟትና ያጊውን ይዛችሁ ሂዱ። ማስወንጨፊያ ቀን ልታርፍበት ከምትችለው ርቀት በላይ ካልሰማችኋት አትተኩሷት።

ይህ ርቀት ስንት ነው? የፓራሹት ሠንጠረዦች የሚሠሩት ለባሕር ጠለል ነው። ሱሉልታ 2,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ አንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፓራሹቱ ላይ «5 ሜትር በሰከንድ» ተብሎ የተጻፈው እዚህ 5.7 ይሆናል። ከ800 ሜትር ለመውረድ 140 ሰከንድ። ነፋሱ 5 ሜትር በሰከንድ ከሆነ 700 ሜትር ይወስዳታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ማስወንጨፍ ይህን ቁጥር በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። የኪሳራው ሒሳብ በዚህ ርቀት ላይ ቢሠራ ይሻላል፣ በምኞት ርቀት ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከሁሉ የሚጠቅመው ሮኬቷ ገና አየር ላይ ሳለች የሚሠራው ሥራ ነው። የመጨረሻዎቹ 100 ሜትሮች፣ ማለትም የመጨረሻዎቹ 18 ሰከንዶች፣ ወርቅ ናቸው። አንድ ሰው ያጊውን ይያዝ፤ ሥራው ሲግናሉ የሚበረታበትን መከተል ብቻ ነው፣ ሮኬቷን በዓይን ማየትና ማድነቅ የሌሎች ነው። ሌላው ሰው ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ከመኪናና ከብረት ርቆ፣ በኮምፓስ አቅጣጫውን በየ5 ሰከንዱ ይጻፍ። ሲግናሉ የጠፋበት ሰዓትና አቅጣጫ፣ በዚያ መስመር ላይ በሩቅ የሚታይ ነገር፣ ዛፍም ይሁን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወዲያው ይመዝገብ። ያጊ 10 ዲግሪ ቢሳሳት 700 ሜትር ላይ 120 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ መቀበያ ካላችሁ ከነፋሱ መስመር ጎን 400 ሜትር ርቃችሁ አስቀምጡት። ሁለቱ መስመሮች በሰፊ ማዕዘን ሲቆራረጡ የፍለጋው ሜዳ ይጠባል። ሁለታችሁም ከማስወንጨፊያው አጠገብ ቆማችሁ አቅጣጫ ብትወስዱ ሁለት ጊዜ አንድ መስመር ወሰዳችሁ ማለት ነው።

መሬት ላይ ያለችውን ስትፈልጉ ያጊውን በየጊዜው ከቁም ወደ አግድም አዙሩት። ስትወርድ አንቴናዋ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አሁን ተጋድሟል። በተሳሳተ አቀማመጥ መያዝ 20 ዲሲቤል ሊያሳጣ ይችላል፣ «ሞተች» ያላችኋት ሮኬት እጃችሁን 90 ዲግሪ ስታዞሩት ልትነሳ ትችላለች። የቆርቆሮ አጥር፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመርና የአበባ እርሻ ግሪንሃውስ ብረት ሲግናሉን ያነጥራሉ፤ ያጊው ወደ ግሪንሃውስ ቢያመለክት ወዲያው ወደዚያ አትሂዱ፣ 50 ሜትር ወደ ጎን ተራምዳችሁ ድገሙት። እውነተኛው አቅጣጫ በዝግታ ይዞራል፣ የተንጸባረቀው ይዘላል። ከ30 ሜትር በታች ስትቀርቡ መቀበያው ሁሉም አቅጣጫ እኩል እየበረታ ያደናግራል። ያን ጊዜ ያጊውን ነቅላችሁ (የመቀበያውን ብቻ!) መቀበያውን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ በቀስታ ዙሩ። ሲግናሉ የሚደክመው ጀርባችሁን ለሮኬቷ ስትሰጡ ነው፤ ሰውነታችሁ ጋሻ ሆኖላችኋል። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮን በአንገቱ ሬዲዮ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቀበሮው ይንቀሳቀሳል እንጂ።

ጂፒኤሱን በተመለከተ ሦስት ነገር ፈትሹ። ኒዮ-6ኤም በፋብሪካ አቀማመጡ ወደ ላይ ከ50 ሜትር በሰከንድ በላይ የሚሄድን ነገር አይቀበልም፤ ሮኬታችሁ ያንን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ታልፋለች። ወደ አየር ወለድ ሞድ ቀይሩት፣ ትዕዛዙም በየማብራቱ ይላክ፤ ሞጁሉ ሲጠፋ ሊረሳው ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲያርፍ የሴራሚክ አንቴናው ወደ መሬት ቢዞር ሳተላይት ያጣል፤ ፕሮግራማችሁ ያኔ ዜሮ ከመላክ ይልቅ የመጨረሻውን ትክክለኛ ቦታና «ከስንት ሰከንድ በፊት» የሚለውን ይላክ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያሰናክለው ነው፦ ጂፒኤሱ 0911.2500 ብሎ ሲልክ 9 ዲግሪ ከ11.25 ደቂቃ ማለቱ ነው። 11.25 ለ60 ተካፍሎ 0.1875 ነው፤ ከ9ኙ ጋር ሲደመር 9.1875 ይሆናል። እንደ ተራ አስርዮሽ አንብባችሁ 9.1125 ብትጽፉት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይዛወራል፤ ሱሉልታ ያረፈችውን ሮኬት እንጦጦ ጫካ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ባለሲም የመኪና ጂፒኤስ? እንደ ሁለተኛ መድን ካልሆነ አይመከርም፤ እኔ ብሆን ያንን ክብደት ለትልቅ ባትሪ እሰጠዋለሁ። ሳር ውስጥ የወደቀ ሲም ኔትወርክ የሚያገኘው በዕድል ነው፣ መልእክቱም ይዘገያል። ከዚህ የባሰው የጂኤስኤም ሞደም በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት የሚደርስ ኃይል በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ መልቀቁ ነው። ስልክ ሲጠራ ስፒከር ላይ የሚሰማው «ድዝዝ» እሱ ነው። ከፓራሹት ማስወጫው አልቲሜትር ጎን ብታስቀምጡት ያለጊዜው ሊያስነሳው ይችላል። የእናንተ የ17 ዲቢኤም ሎራም ቢሆን በሌላ ክፍል ይሁን፤ የማቀጣጠያው ገመዶች እርስ በርስ የተጠማዘዙና አጭር ይሁኑ። ማስወጫ ባሩድ ከመግባቱ በፊት ማቀጣጠያው ባለበት ቦታ ትንሽ አምፖል ግጠሙ፣ ማሰራጫውን አብሩና ለ10 ደቂቃ ተመልከቱ። አምፖሉ አንዴ ብልጭ ካለ ዝግጁ አይደላችሁም።

ከአሜሪካ የሚመጡ የሮኬት ማሰራጫዎች ብዙዎቹ በ902–928 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። እዚያ ለነጻ አገልግሎት ነው፤ እዚህ ግን 902–915 ስልኮች ወደ ማማው የሚያስተላልፉበት ነው። አትግዙ። 433.92ም የመኪናና የአጥር በር ሪሞት መናኸሪያ ስለሆነ እናንተ 434.5 ላይ ተቀመጡ። የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው፣ የአየር ክልሉ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን፤ ሁለቱንም፣ የአካባቢውን አስተዳደርም፣ ከማስወንጨፊያው በፊት በጽሑፍ ጨርሱ።

ሮኬቷ ስትፋጠን ባትሪው ወደ ኋላ ስለሚገፋ ከታቹ ግድግዳ ላይ አስደግፉት፤ በገመዱ ተንጠልጥሎ አይቅር። ሶኬቱን በናስትሮ እሰሩት።

የእሁዷን ሮኬት በተመለከተ፦ ጂፒኤሱ ወደ 45 ሚሊአምፒር፣ ሎራውና አርዱይኖው ተደምረው ሌላ 15 ያህል ይወስዳሉ። 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፤ ስለዚህ እሁድ ማታ አልቋል፣ ሬዲዮ ይዞ መዞር አያስፈልግም። የመጨረሻው መልእክት የመጣበት ቦታ ላይ ሂዱና ነፋሱ ይነፍስበት በነበረው መስመር ወደ ፊት 200 ሜትር፣ በየ5 ሜትሩ ሰው ቆሞ፣ ጎን ለጎን ተራመዱ። ማሳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው አብሯችሁ ይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን እረኞቹን ጠይቁ፤ ከሰማይ በቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የወረደ ነገር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከእረኛ ዓይን አያመልጥም፣ ምናልባትም አንዱ ቤት አስቀምጦላችኋል። ማስወጫው ያልተቀጣጠለ ባሩድ ሊኖርባት ስለሚችል እጃቸው ላይ ካገኛችኋት መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። በሚቀጥለው ላይ ስልክ ቁጥራችሁንና «አትንኩ፣ ደውሉ» የሚለውን በሁለቱም ቋንቋ ጻፉባት።